ፍሪጅ ያስቀራል ስለተባለው ጄል፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ወደምሠራበት ፋርማሲ መጡ። ፋርማሲው ባሕር ዳር ነው፤ ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። የስኳር ታማሚ ናቸው። ኢንሱሊናቸውን የሚወስዱት ከእኛ ነው። የዚያን ቀን ግን ከቦርሳቸው መጀመሪያ ያወጡት ስልካቸውን ነበር።

"ልጄ፣ እስኪ ይኸን አንብብልኝ። በወር አንዴ ብቻ የሚወጋ፣ ፍሪጅ የማይፈልግ ኢንሱሊን መጣ ይላል አሉኝ። እንግዲህ ይኸን የጠዋትና የማታውን ልተወው?"

ቆሜ አነበብኩላቸው። ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ ነው። የሚያወራው በሙቀት ጠባያቸው ስለሚለወጥ ሃይድሮጄሎች፣ ማለትም ብዙ ውሃ ስለያዙ ጄሎች ነው። ፍሬ ሐሳቡ በአጭሩ ይኼ ነው፦ ሙቀት ሲነካው የሚቀልጥ ጄል በቅርቡ ተገኝቷል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ቀልጦ መድኃኒቱን ይለቃል። ፍሪጅ ስለማይፈልግ የገጠሩን ችግር ይፈታል። ኢንሱሊንን በወር አንዴ ያደርገዋል። አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ጉዳት የለውም። በውሃ መበጥበጥ ብቻ ስለሆነም እኛው እዚሁ ልናመርተው እንችላለን።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። እንዲህ ያለውን ነገር በአማርኛ ለመጻፍ መነሳታቸውን ግን ከልቤ አከብራለሁ። ስለ መድኃኒት አሠራር በራሳችን ቋንቋ የሚጻፍ ነገር በጣም ያንሰናል። ጉዳዩም የሚወደድ ጉዳይ ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ እወደዋለሁ። ነገር ግን ጽሑፉ ውስጥ ያሉት ስህተቶች ሰው ሊጎዱ የሚችሉ ናቸው። አንዲት እናት መርፌያቸውን ሊያቆሙ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ስለዚህ የተባለውን አንድ በአንድ ልመልስ።

ከሥሩ ልጀምር። ጄሉ በሙቀት አይቀልጥም፤ በሙቀት ይረጋል። ልዩነቱ የቃል አይደለም፤ ቀጥሎ ያለው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። ቅቤን ብርድ ያደርቀዋል፣ ፀሐይ ያቀልጠዋል። ጄላቲንም እንደዚያው ነው። ይኼኛው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ሲሞቅ ይቆማል። እንቁላልም በሙቀት ይረጋል እኮ የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን የተቀቀለ እንቁላል ፍሪጅ ቢያድር ወደ ጥሬነቱ አይመለስም። ጄሉ ይመለሳል።

ይኼን በእጄ ሠርቼ አይቼዋለሁ። የሠራሁበት ፖሎክሳመር 407 የሚባል ነጭ ዱቄት ነው። ሞቅ ባለ ውሃ ከጀመሩት ይበላሻል፤ ልክ እንደ ገንፎ ይጓጉላል። የጉጉሉ ውጪ ይረጋና ውስጡ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ውሃውን መጀመሪያ ወደ 4 ዲግሪ ያቀዘቅዙታል። ዱቄቱን ትንሽ ትንሽ እየነሰነሱ ያማስላሉ። ከመቶ እጅ ሃያው ዱቄት፣ ሰማንያው ውሃ። አረፋው ብዙ ነው። እሱን ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩታል። ጠዋት ሲያወጡት አረፋው ጠፍቶ ጥርት ያለ ፈሳሽ ሆኖ ይጠብቃል።

ብልቃጡን በመዳፌ ጨበጥኩት። ጥቂት ደቂቃ ብቻ። ከዚያ ገለበጥኩት። አልወረደም። ውስጡ የነበረች አንዲት የአየር ጠብታ እንኳ ባለችበት ቆማ ቀረች። መልሼ በረዶ ውስጥ ነከርኩት። እንደገና ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት እንጃ።

ምክንያቱ ሞለኪውሉ ላይ ነው። ፖሎክሳመር እንደ ረጅም ገመድ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ምንጊዜም ውሃ ይወዳሉ። መሐሉ ግን ከውሃ ጋር የሚስማማው ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ሲሞቅ መሐሉ ውሃውን እየሸሸ ከሌሎች ገመዶች መሐል ጋር ይሰባሰባል። በዚህ ጊዜ ሚሴል የሚባሉ በጣም ትናንሽ ኳሶች ይፈጠራሉ። ኳሶቹ ሲበዙ እንደ ብርቱካን ክምር ይጠጋጋሉ፤ መላወሻ ያጣሉ። ፈሳሹ የሚረጋው ያኔ ነው። ዱቄቱ ካነሰ ኳሶቹ ቦታ ስለማያጡ፣ ቢሞቅም አይረጋም። ሃያ ከመቶ ሲሆን በተራ ክፍል ሙቀት አካባቢ ይረጋል። ይኼን "ተራ ክፍል ሙቀት" የሚለውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መድኃኒቱም ቢሆን የሚወጣው ጄሉ ስለቀለጠ አይደለም። በረጋው ጄል ውስጥ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ወይም ጄሉ ራሱ በሰውነት ፈሳሽ ከውጪ ወደ ውስጥ እየተሸረሸረ ይለቀዋል። አንዳንዱ ላይ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ጥቅሙም ይኼው ነው። ቀዝቅዞ እንደ ፈሳሽ በቀጭን መርፌ ይገባል። ገብቶ ሲሞቅ ደግሞ ባለበት ይቆያል።

በቅርቡ ተገኘ ስለተባለው ብዙ አልልም። የቼክ አገር ሳይንቲስቶቹ ኦቶ ዊችተርሌ እና ድራሆስላቭ ሊም ስለ ሃይድሮጄል የጻፉት በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለስላሳው የዓይን ሌንስ የመጣው ከዚያ ነው። ፒኒፓም የሚባለው ፖሊመር (እንደ ፖሎክሳመር ያለ ረጅም ሞለኪውል) 32 ዲግሪ አካባቢ ከውሃ እንደሚለይ ሄስኪንስ እና ጊሌት ያሳዩት ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ.። ይኼን የማነሳው ለክርክር አይደለም። ከ50 ዓመት በላይ የተሠራበት ነገር ስለሆነ የት እንደሠራና የት እንዳልሠራ ብዙ ይታወቃል፤ ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ፍሪጁ። ጽሑፉ ላይ ከሁሉም ያሳሰበኝ ይኼ ነው።

ጸሐፊው ይኼ ጄል ከፍሪጅ ያላቅቀናል ብለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። በሙቀት የሚረጋ ነገር፣ ሰውነት ውስጥ ሳይገባ መንገድ ላይ እንዳይረጋ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ባሕር ዳር በሚያዝያ ቀትር ላይ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ሃያ ከመቶው ጄል እኮ ከዚያ በታች ነው የሚረጋው። የአውሮፓ መጽሐፍ "በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው" ሲል የሱን ክፍል እንጂ የኛን ማለቱ አይደለም።

ይኼንም አይቼዋለሁ። አንድ ቀን የሠራሁትን ብልቃጥ ከፍሪጅ አውጥቼ ለመምህራችን ላሳይ ወደ ሌላ ሕንፃ ተሻገርኩ። ቀትር ነበር። ብልቃጡን በእጄ ጨብጬ ነው የሄድኩት። ደረስኩና መርፌውን አስገብቼ ሲሪንጁን ሳብኩ። ምንም የለም። አጥብቄ ሳብኩ። ጫፉ ላይ እንደ እርጎ የመሰለ ነገር ተጣብቋል። መምህራችን አይተው "በበረዶ ነበር ማምጣት" አሉኝ። የተማርኩት ያኔ ነው።

ይኼ የተማሪ ስህተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኦቲፕሪዮ የሚባለውን የጆሮ መድኃኒት ተመልከቱ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ በፖሎክሳመር 407 ውስጥ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ጆሯቸው ውስጥ ቱቦ ለሚገባላቸው ሕፃናት ነበር። መመሪያው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ ይላል። ከዚያ አልፎ፣ ብልቃጡን ስትነቀንቁ በአሉሚኒየም ክዳኑ በኩል ያዙ ይላል። ለምን? መስታወቱን ከጨበጣችሁት የእጃችሁ ሙቀት ያረጋዋል። ከወፈረ ደግሞ ወደ ፍሪጅ መልሱት ይላል። የእጅ ሙቀት የሚፈራ መድኃኒት ነው እንግዲህ ከፍሪጅ ያላቅቀናል የተባለው።

ጄልማይቶን እንውሰድ። የዚህ ዘርፍ ትልቁ ስኬት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ማይቶማይሲን የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት በሙቀት በሚረጋ ጄል ይዞ፣ የላይኛው የሽንት ቧንቧ ላይ ለሚወጣ ዝቅተኛ ደረጃ ካንሰር ይሰጣል። አሜሪካ ያጸደቀችው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ ቦታ ተራ ፈሳሽ መድኃኒት ቢገባ ሽንት ወዲያው አጥቦ ይወስደዋል። ጄሉ ግን ረግቶ ለሰዓታት ይቆያል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ከሽንት ጋር ይወጣል። ለማጽደቂያ በቀረበው ጥናት ከ71 ሕሙማን ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ታይቷል። አንዳንዶቹ ኩላሊታቸው ሊወጣ የሚችል ሰዎች ነበሩ። ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ጄልማይቶ ሳይበጠበጥ በፊት ያለ ፍሪጅ መቀመጡ እውነት ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ግን ለሕሙሙ ሊሰጥ ሲል በበረዶ መቀዝቀዝ አለበት፤ ያለዚያ በቱቦው አያልፍም። ቅዝቃዜው ከመጋዘን ወደ አልጋው አጠገብ መጣ እንጂ አልቀረም።

አሁን ይኼን ወደኛ መንገድ አምጡት። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ። ወይም ቁልቁል ወደ መተማ፣ ከእኛም ወደሚብስ ቆላ። የክትባት ሣጥን የተሸከመ የጤና ባለሙያ በረዶው ሳይቀልጥ ለመድረስ እንዴት እንደሚጣደፍ የምናውቀው ነው። መብራት ሲሄድ ጤና ጣቢያ ውስጥ መጀመሪያ የሚታሰበው ፍሪጁ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ፍሪጅ የማይፈልግ መድኃኒት መጣላችሁ ማለት ተስፋ መስጠት ነው። ተስፋው ደግሞ እውነት መሆን አለበት።

ጄሉ ቢረጋ መልሶ ማቀዝቀዝ አይቻልም ወይ የሚል ካለ፣ ይቻላል። ጄሉ ይመለሳል። ውስጡ ያለው መድኃኒት ግን አብሮ ላይመለስ ይችላል። በተለይ ፕሮቲን ከሆነ፣ አንዴ ሙቀት ካበላሸው ማቀዝቀዙ አያድነውም። ኢንሱሊን ደግሞ ፕሮቲን ነው።

ስለ ኢንሱሊኑ የምለው ይኼ ነው። በሙቀት የሚረጋ፣ በወር አንዴ የሚወጋ ኢንሱሊን ገበያ ላይ የለም። ላብራቶሪ ውስጥ፣ በአይጥ ላይ የሚሞከር ነገር አለ። ከአይጥ እስከ እኚህ እናት ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው።

ችግሩ አንድ ብቻ አይደለም። በፖሎክሳመር የተሠራ ጄል ሥጋ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ነው። ለሳምንታት የሚቆዩ ሌሎች ፖሊመሮች አሉ። እነሱ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ሰዓት ያስፈራል፤ ጄሉ ገና ሲረጋ ያልተያዘው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሊወጣ ይችላል። የሰውየው የወር መጠን ነው ውስጡ ያለው። የኢንሱሊን ፍላጎት ደግሞ በየቀኑ ይለያያል። ሰው ይጾማል፣ ይታመማል፣ አንድ ቀን ብዙ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ምግብ አልበላ ይለዋል። ዛሬ መርፌውን የሚወጋ ሰው መጠኑን ሐኪሙ እንደነገረው ሊቀንስ ይችላል። አንዴ ከቆዳ ሥር የረጋን ጄል ግን ዛሬ ቀንስ አይሉትም። ስኳር ዝቅ ብሎ ራሱን የሳተ ሰው አይቶ የሚያውቅ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ጸሐፊው ምናልባት የሰሙት በሳምንት አንዴ ስለሚወጋው ኢንሱሊን ይሆናል። እሱ እውነት አለ። ኢንሱሊን አይኮዴክ ይባላል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ፈቅዶታል። ግን ጄል አይደለም። ደም ውስጥ ካለው አልቡሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ ነው ሳምንት የሚቆየው። ሳምንት ነው፤ ወር አይደለም።

እኚህ እናት ፍሪጅ የላቸውም። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ውሃ በያዘ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ከቤቱ ጥላ ጥግ ያስቀምጣሉ። ሸክላው እያላበ ይቀዘቅዛል። የተከፈተ ኢንሱሊን እንዲህ ባለ ቅዝቃዜ አራት ሳምንት ገደማ ይሠራል። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው መፍትሔ ይኼ ነው፤ እየሠራላቸውም ነው። ጽሑፉ ይኼን የሚያስጥላቸው ስለሆነ ነው ዝም ያላልኩት።

ውሃ ስለሆነ አይጎዳም የሚለውም አይሄድም። ጉዳት የሚለካው በቀሪው ነው፤ ፖሊመሩ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደገባ፣ በምን እንደሚወጣ። ፖሎክሳመር 407 በአፍ መጉመጥመጫ ውስጥ አለ፤ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፤ ችግር የለውም። ያው ፖሎክሳመር አይጥ ሆድ ዕቃ ውስጥ በብዛት ሲወጋ ግን የደሟን ኮሌስትሮልና ቅባት ክፉኛ ከፍ ያደርገዋል። እንዲያውም ተመራማሪዎች የደም ቅባት የበዛባት አይጥ ሲፈልጉ ሆን ብለው ይወጓታል። ፒኒፓምን ደግሞ ሰውነት ሰባብሮ አያስወጣውም። የሚሠራበት ጥሬ ኬሚካልም መርዛማ ነው፤ በደንብ ካልጠራ ፖሊመሩ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ነው ፒኒፓም ዝናው ከሰውነት ውጪ የሆነው። የጃፓን ተመራማሪዎች ሴል የሚያሳድጉበትን ሳህን በፒኒፓም ቀቡት። 37 ዲግሪ ላይ ሴሎቹ ይጣበቃሉ። ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ እንደ ስስ አይብ ተያይዘው፣ ሳይቀደዱ ይላቀቃሉ። የሚያምር ሥራ ነው። በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ግን አይደለም።

ቢረጋ ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለትም አይደለም። ኦንኮጄል የሚባል ነበር። ፓክሊታክሴል የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት በጄል ይዞ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ዕጢ ውስጥ በቀጥታ ይወጋ ነበር። ሐሳቡ ያማረ ነው። ከተለመደው የኬሞና የጨረር ሕክምና ጋር ተጨምሮ ሲፈተሽ ግን የተሻለ ውጤት አላሳየም። ይኼንም ለአንባቢ መንገር ተገቢ ነበር።

እዚሁ እናምርተው ስለሚለው ደግሞ ልቤ ከጸሐፊው ጋር ነው። ችግሬ "መበጥበጥ ብቻ ነው" ከሚለው ጋር ነው። በመርፌ የሚሰጥ ነገር ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት። ጀርሙ ከሞተ በኋላ የሚቀረው መርዝ እንኳ መመርመር አለበት። ይኼ ቤት ውስጥ የሚሆን አይደለም፤ ማንም እንዳይሞክረው እለምናለሁ።

እኔ ብጠየቅ ከዓይን ጠብታ ነው የምጀምረው። አንድ ጠብታ ዓይን ውስጥ ሲገባ ግማሹ ወዲያው በጉንጭ ይወርዳል። የቀረውን እንባ በደቂቃዎች ያጥበዋል። ስለዚህ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ መጨመር አለበት። የትራኮማ ችግር ባለበት ክልላችን የምናውቀው የቴትራሳይክሊን ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት ነው፤ ዓይንንም ያደበዝዛል። ሕፃን ልጅ ይዞ ይኼን መጨረስ ለእናት ምን ያህል እንደሚከብድ በመስኮታችን በኩል በየቀኑ እሰማለሁ። ጠብታ ሆኖ ገብቶ፣ ዓይን ላይ ረግቶ የሚቆይ መድኃኒት ቢኖር የሚጠላ የለም።

የኛ ሥራ ግን ከቀዝቃዛ አገሮች ይከብዳል። የዓይን ገጽ 34 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚያዝያ መደርደሪያችን ደግሞ ወደ 30። ጠብታው መደርደሪያው ላይ ፈሳሽ ሆኖ፣ ዓይን ላይ ሊረጋ የሚችልበት ክፍተት አራት ዲግሪ ብቻ ነው። እንባም ይቀላቀለዋል። ሲቀጥን ደግሞ የሚረጋበት ሙቀት ይጨምራል፤ ብዙ ከቀጠነ ከነጭራሹ አይረጋም። ስለዚህ ቀመሩ ከእንባ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ይረጋል ወይ ተብሎ ነው መፈተሽ ያለበት። ፖሎክሳመር 188 የሚባለውን ወንድሙን ትንሽ ቢጨምሩበት የመርጊያው ሙቀት ከፍ ይላል። ምን ያህል ቢጨመር ለባሕር ዳር ይሆናል? ለመተማስ? ይኼን ቀዝቃዛ አገር ያሉት አይሠሩልንም፤ መደርደሪያቸው 20 ዲግሪ ነውና ጥያቄው አይመጣባቸውም። የፋርማሲ ተማሪዎቻችን ቴርሞሜትር፣ የውሃ ገንዳና ብልቃጥ ይዘው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ለሰው ዓይን ሳይሆን መጀመሪያ ለብልቃጥ።

ጸሐፊውን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ፍሪጅ አይፈልግም የሚለውንና ኢንሱሊን በወር አንዴ የሚለውን ያርሙልን። እርማቱንም ጽሑፉን በላኩበት መንገድ ሁሉ ይላኩት። የቀረው ላይ ብንከራከር ደስ ይለኛል።

እኚያ እናት የዚያን ቀን ኢንሱሊናቸውን ይዘው ነው የሄዱት። "እማማ፣ ሐኪምዎ ሳይነግርዎ አንድም ቀን እንዳያቋርጡ" አልኳቸው። "እሺ ልጄ፤ ግን ለጎረቤቴም ልኬላት ነበር" አሉኝ። ጎረቤታቸውም ኢንሱሊን ትወጋለች። የጎረቤታቸውን ስልክ ቁጥር ተቀብዬ ደወልኩላት። የጠዋቱን ወግታለች።